አሞራ ገደል ሐዋሳ፦ ዓሣው አስር ከአስር፣ የሐይቁ ዳር ግን እንቅልፍ ይነሳል

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሞራ ገደል ፎቶ የሚለጥፍ ሞልቷል፣ ቁጭ ብሎ በደንብ የጻፈ ግን ስላላየሁ እኔው ልሞክር ብዬ ነው። ረዘም ይላል። የቸኮለ ሰው ይቺን ብቻ ይያዝ፦ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ድረሱ፣ ሾርባውን እንዳታልፉት፣ ዋጋ ጠይቃችሁ እዘዙ፣ የውሃ ላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። ጊዜ ያለው ደሞ ይቀጥል ምክንያቱም የምጽፈው ስለ ሳህኑ ብቻ አይደለም፣ ሳህኑ ላይ ያለው ነገር ስለሚመጣበት ዳርቻም ነው፣ ሁለቱ አንድ ጉዳይ መሆናቸው ለኔ በደንብ የገባኝ በዚህ ጉዞ ነው።

ሐዋሳ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ አሁን አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ዘንድሮ የካቲት ላይ ባለቤቴንና የ9 ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ። ልጄ ሐይቁን አይታ አታውቅም ማለት ይቻላል፣ ሕፃን እያለች ነው የሄድነውና አታስታውሰውም። ስለዚ እኔ ልጅ ሆኜ ያየሁትን በሙሉ ላሳያት ነበር ሐሳቤ።

አሞራ ገደልን ለማታውቁት፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ሐይቁ ዳር ያለ ዛፍ የበዛበት ቦታ ነው፣ አጥማጆቹ ማታ የዘረጉትን መረብ ጠዋት ሰብስበው ጀልባቸውን የሚያስጠጉበት። እዛው ይገፈፋል፣ እዛው ይበለታል፣ እዛው ይሸጣል፣ እዛው ይጠበሳል። ከውሃ ወጥቶ አፋችሁ እስኪገባ ያለው ርቀት ሃምሳ እርምጃ አይሞላም። አዲስ አበባ ላይ ቀናት በፍሪጅ የከረመ ዓሣ ለለመደ ሰው ልዩነቱን መናገር ይከብደኛል፣ ሥጋው ራሱ ይጣፍጣል፣ ሎሚ እንኳ የግድ አይደለም።

መጀመሪያ ሾርባውን ነው የጠጣነው። በርበሬው ጠንከር ያለ ትኩስ የዓሣ ሾርባ፣ ጠዋት ከሐይቁ የሚመጣው አየር ደሞ ቀዝቀዝ ስለሚል አንድ ላይ ሲሆኑ ሰውነት ይፈታል። ባለቤቴ ዓሣ ብዙም የማትወድ ሰው ናት፣ ሁለት ጠጣች። ከዛ ጥብሱ መጣ፣ ሙሉ ዓሣ ጎኑ ተተልትሎ ዘይት ውስጥ ጠልቆ የወጣ፣ ቆዳው ኩርሽም የሚል ውስጡ ግን ለስላሳ፣ ከእንጀራና ከዳጣ ጋር። ዳጣዋ አረንጓዴ ናት፣ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርቷ ይሸታል፣ ለልጅ ግን ትከብዳለች። ጥሬውን የሚበላም ብዙ ነው፣ እዛው ተበልቶ በአዋዜ፣ እኔ ልጅ ሆኜ በልቼዋለሁ አሁን ግን ለማንም አልመክርም፣ ጥገኛ ተውሳክ ስለሚኖረው የበሰለው ይሻላል። በነገራችን ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብለን በሌላ ቀን የሞከርናት አንዲት መጥበሻ ቤት ዘይቷ የጠቆረ ነበር፣ ልጄን ሆዷን አሟታል፣ ስለዚ ከማዘዛችሁ በፊት መጥበሻው ውስጥ እዩ፣ ማንም አይቆጣችሁም።

የሚቀርበው ዓሣ በብዛት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው) ነው። አምባዛም አለ፣ ሥጋው ወፈር ያለና ቅባት ያለው፣ አንዳንዱ ሰው ቅርፊት ስለሌለው አይበላውም። ቢልጫ ብዙ አይገኝም አጥንቱም ያስቸግራል። ምርጫ ከሰጧችሁ መሃከለኛ መጠን ያለውን ቆሮሶ ውሰዱ። ትንንሾቹን ግን ርካሽ ናቸው ብላችሁ አትግዙ፣ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

አባ ኮዳዎቹን፣ እነዚያን ትልልቅ መላጣ አሞሮች፣ ሳልናገር አላልፍም። ቁመታቸው የልጄን ያህላል ይበልጣልም፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ሰው አይፈሩም። ዓሣ የምትበልት ሴትዮ አጠገብ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ልክ ተራ እንደያዘ ሰው፣ ጭንቅላትና አንጀት ስትወረውር ከአየር ላይ ይቀልባሉ። ልጄ መጀመሪያ ከኋላዬ ተደብቃ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የዓሣ ጭንቅላት እየተቀበለች ትወረውር ጀመር። ሰው አስቀያሚ ናቸው ይላቸዋል፣ መላጣ ናቸው ይሸታሉ ምናምን፣ እኔ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አከብራቸዋለሁ፣ እነሱ ባይኖሩ ያ ሁሉ አንጀትና አጥንት ፀሐይ ላይ ሲበሰብስ ቦታው ሰው አያስጠጋም ነበር። ያለ ደሞዝ የሚሠሩ የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። ጎጆአቸውን የሚሠሩት ትልልቅ ዛፍ ላይ ነው፣ እና ዛፉ ሲቆረጥ እነሱም ይሄዳሉ፣ ይሄ ቀላል ነገር ይመስላል ግን ዳርቻው ላይ ግንባታ ሲታቀድ ማን ያስበዋል?

ጦጣዎቹና ጉሬዛዎቹም እዛው ናቸው። ጦጣዎቹ እጅ ላይ ያለ ነገር ይነጥቃሉ፣ ሙዝ ይዛችሁ አትግቡ። ጉሬዛዎቹ ደሞ ጨዋ ናቸው፣ ላይ ሆነው ጥቁርና ነጩን ፀጉራቸውን አንጠልጥለው ቅጠል ይበላሉ። ሰው ብስኩት ሲወረውርላቸው አየሁና ከፋኝ፣ የጉሬዛ ሆድ ለቅጠል የተሠራ ነው፣ እባካችሁ አትስጧቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሾርባ ከጠጣን በኋላ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ አጥማጅ መረባቸውን ዘርግተው ሲጠግኑ አጠገባቸው ተቀመጥን። ልጄ ጥያቄ አያልቅባትም፣ እሳቸውም አልሰለቹም። ከያዙት ውስጥ አንዷን ቆሮሶ አነሱና "ነይ እስቲ የኔ ልጅ፣ አፏን እንክፈተው" አሏት። በአውራ ጣታቸው መንጋጋዋን ገፋ ሲያደርጉት ውስጥ ጉሮሮዋ ጋ የተጣበቁ ቢጫ ቢጫ ፍሬዎች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ከፍ የሚሉ፣ ሰባት ስምንት የሚሆኑ ታዩን። እንቁላል ነው። እናትየዋ እንቁላሏን ከጣለች በኋላ መልሳ አፏ ውስጥ ትይዘዋለች፣ እስኪፈለፈል ድረስ፣ ከተፈለፈለም በኋላ ጫጩቶቹ ሲደነግጡ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። መረብ ስትገባ ስትንፈራገጥ አብዛኛውን ተፍታዋለች፣ እኛ ያየነው የቀረላትን ነው። ልጄ ዝም አለች። "እና እሷ ምን ትበላለች?" አለቻቸው። "አትበላም፣ ትጾማለች" አሏት።

እኔ ሐዋሳ ተወልጄ ይሄን በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ስበላው የኖርኩትን።

ከዛ ጋሼ ቀጠሉ፣ እኔ እንደገባኝ ልጻፈው። ቆሮሶ እንቁላል የሚጥለው መሃል ሐይቅ አይደለም፣ ዳር ላይ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ወንዱ አሸዋውን ጎድጎድ አድርጎ ሲያዘጋጅ ነው። ጫጩቶቹም የሚያድጉት እዛው ዳር ቄጠማው፣ ፊላውና ደንገሉ መሃል ነው፣ ወፍ እንዳይለቅማቸው፣ ትልቅ ዓሣ እንዳይበላቸው። "ቄጠማው ለዓሣ ማጀቱም ነው ጓዳውም ነው የአራስ ቤቱም ነው" አሉኝ። ይቺ አባባላቸው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። የመራቢያው ዋና ወቅት ከጥር እስከ መጋቢት ነው፣ ክረምት ላይም ሌላ አለ። እንግዲህ አስቡት፣ ዓቢይ ጾም የሚውለው በዚሁ ወቅት አካባቢ ነው፣ ጾም ሲገባ ደሞ ሥጋ ስለሚቀር የዓሣ ገበያው ይደምቃል፣ ከአዲስ አበባ ድረስ መኪና እየመጣ ይጭናል። ማለትም እናቶቹ እንቁላል አፋቸው ውስጥ በያዙበት ሰዓት ነው መረቡ የሚበዛው። ርካሹ ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ ደሞ ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ገና ያልወለደውንም አብሮ ይጠርጋል። ትንሽ ዓሣ አትግዙ ያልኩት ለዚህ ነው። ሕጉ አለ፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ 315 ተብሎ በ1995 ወጥቷል፣ ዳር ላይ ቆሞ መረብ የሚለካው ነው የጠፋው።

ግን ጋሼን መረቡ ብቻ አይደለም ያሳሰባቸው፣ እሱማ አጥማጁ ተስማምቶ ሊያስተካክለው ይችላል አሉ። ዳርቻው ግን አንዴ ድንጋይ ከለበሰ ማን ይመልሰዋል?

ያን ቀን ከሰዓት ጀልባ ተከራይተን ወጣን፣ እና የጋሼን ነገር ከውሃው ላይ ሆኜ አየሁት። ስለ ጀልባው በአጭሩ፣ የተከራየነው ልጅ ላይፍ ጃኬት አልነበረውም፣ ለልጄ ካላመጣህ አንሳፈርም ብዬ ከጓደኛው ተውሶ አመጣ። እናንተም ሳትሳፈሩ ጠይቁ፣ ሐይቁ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳበታል ጉማሬም አለ፣ ጥልቀቱም ጥልቅ በሚባለው ቦታ ከ20 ሜትር ያልፋል። ጠዋት ብትወጡ ነው የሚሻለው። ጀልባ ነጂው ግን ጎበዝ ነበር፣ ሞተሩን ቄጠማው ጋ ሲደርስ አጥፍቶ በመቅዘፊያ ነው ያስገባን፣ ፔሊካን አየን፣ ዓሣ አጥማጇን ወፍ አየን ያቺን ጥቁርና ነጭ የሆነችውን አየር ላይ ቀጥ ብላ እየተንሳፈፈች ውሃው ላይ የምትወረወረውን፣ ቅጠል ላይ የምትራመደዋንም እግረ ረጅም ወፍ አየን። ንስሩም ጮኸ። ልጄ ያን ቀን የሳለችው ሥዕል ፍሪጃችን ላይ ተለጥፏል።

ከዛ ትንሽ ራቅ ብለን ስንሄድ ዳርቻው ይለወጣል። ቄጠማ ሲያልቅ ግንብ ይጀምራል። እዚህ የድንጋይ ግንብ፣ እዛ ተሞልቶ ሣር የተተከለበት ሜዳ እስከ ውሃው ጫፍ፣ እዛ ደሞ ለጀልባ ማቆሚያ ተብሎ የተጠረገ። ግንቡ ባለበት ወፍ የለም፣ በቃ ባዶ ነው። ሁለት መቶ ሜትር ልዩነት ላይ አንዱ ጋ ሕይወት ይርመሰመሳል፣ ሌላው ጋ ውሃ ድንጋይ ይመታል። ይሄን ከየብስ ሆኖ ማየት አይቻልም፣ ከየብስ ሲታይ ግንቡ ያለበት ነው ቆንጆ የሚመስለው፣ አበባ አለው መብራት አለው። ዕቅድ አውጪዎቻችንን አንድ ቀን ጠዋት በጀልባ ማዞር ብችል ደስ ይለኝ ነበር።

በማግስቱ ልጅ ሆኜ ዋና የተማርኩበትን ቦታ ላሳያት ብዬ ሄድኩ። አሁን የማረፊያ ግቢ ሆኗል፣ ስሙን አልጠራም። ጥበቃው ትሁት ሰው ነበር፣ ግን ክፍል ያልያዘ ወይ የመግቢያ ያልከፈለ ወደ ውሃው መውረድ አይችልም አለን። ከፍለን ልንገባ እንችል ነበር፣ አልገባንም። በአጥሩ ጎን ቆሜ ልጄን "እዛ ጋ ነበር" አልኳት፣ እሷም "የት ጋ?" አለችኝ፣ የሚታየው የፕላስቲክ ወንበር ስለነበር ማሳየት አልቻልኩም። እኔ ሪዞርት አይሠራ የምል ሰው አይደለሁም፣ ከሠፈሬ ልጆች ስንቱ ነው በሆቴል ሥራ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው፣ ከተማዋም በቱሪስት ነው ስም ያወጣችው። የምለው ሐይቁን ይይ እንጂ ሐይቁን አይጠር ነው። ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ ቢሠራ መስኮቱ ያው ሐይቁን ነው የሚያየው፣ እንዲያውም እንግዳው ወፍ ያያል።

አሁን ትንሽ ጂኦግራፊ፣ ምክንያቱም ይሄን ካላወቅን ነገሩ አይገባንም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባው ሁሉ እዛው ይቀራል፣ ውሃው በትነት ይሄዳል አፈሩ ላስቲኩ ኬሚካሉ ግን ይቀመጣል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ትልቅ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ አንድ ጥቁር ውሃ ብቻ ነው፣ ጥቁር ውሃ ደሞ የሚመጣው ከጨለለቃ ረግረግ ነው። ጨለለቃ በአያቶቻችን ዘመን ሐይቅ ነበር፣ እውነተኛ ሐይቅ፣ አሁን ግን ከላይ ከወንዶ ገነትና ከአካባቢው ተራሮች ደኑ ሲመነጠር በወረደው ደለል ተሞልቶ ረግረግ ሆኗል፣ ረግረጉም እየታረሰና በከብት እየተጋጠ ጠቧል። ረግረግ ማለት ወንፊት ነው፣ ጭቃውን እዛው ያስቀርና ጥሩውን ውሃ ወደ ሐይቁ ይለቃል። ወንፊቱ ሲቀደድ ጭቃው ቀጥታ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፣ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ውሃው ወደ ከተማው ይገፋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ውሃው ሞልቶ ሰፈር ገብቶ ነበር፣ ከዛ በኋላ ነው ዳሩ ላይ መከላከያው የተሠራው። ዛሬ ፍቅር ሐይቅ ጋ ሰው ተቃቅፎ ወክ የሚያደርግበት መንገድ ከዛ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ወጣቶቹ አያውቁም።

ከተማዋ ራሷ እኮ በፕላን የተሠራች ናት። በ1952 ስትቆረቆር መንገዱ ሰፊና ቀጥ ያለ፣ ዛፍ በመደዳ፣ ሜዳ፣ ሐይቁ ለሁሉም ክፍት። ስለዚ ሐዋሳ ላይ ፕላን አይሠራም የሚል ሰው ካለ ከተማዋን አላያትም። የኢንዱስትሪ ፓርኩንም ተመልከቱ፣ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ቆሻሻ ውሃውን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም ዜሮ ዲስቻርጅ የሚባለው ማጣሪያ ከሼዶቹ ጋር አብሮ ነው የተሠራው። ገና ከመነሻው ሐይቁ መውጫ እንደሌለው ታስቦ ማለት ነው። ሥራም ተፈጠረ ሐይቁም ታሰበ። ፋብሪካ ላይ የተቻለው በሆቴልና በመንገድ ላይ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም። የዝናብ መውረጃ ቦዮቻችን ግን ዛሬም የከተማውን ጉድ ይዘው ሐይቁ ላይ ነው የሚያበቁት፣ ያን ደሞ ሾርባ ስንጠጣ ማሰብ አንወድም።

የኮሪደር ልማቱን በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገር፣ የተሠሩትን የእግረኛ መንገዶች ወድጃቸዋለሁ። እናቴ ማታ ማታ ያለ ስጋት መብራት ባለበት ትሄዳለች፣ ለልጆች ብስክሌት መንጃ አለ፣ ድሮ ቆሻሻ የሚጣልበት የነበረ ቦታ ሰው ተቀምጦ ቡና ይጠጣበታል። ይሄን የማይወድ የለም። የምፈራው ልማት ሲባል ንጹህ የሚመስል ነገር ብቻ እንዳይሆን ነው፣ ቄጠማ የተዝረከረከ ይመስላል፣ ረግረግ ጭቃ ይመስላል፣ አሮጌ ሾላ አንድ ቅርንጫፉ የደረቀ ከሆነ ለፎቶ አይመችም። ከዛ ይጠረግና በምትኩ ዘንባባና ሣር ይተከላል፣ ሣሩ ደሞ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል። አረንጓዴ ነው፣ ግን አባ ኮዳ ዘንባባ ላይ አይቀመጥም፣ ቆሮሶም ሣር ሥር አይወልድም። የእግረኛ መንገዱ ከቄጠማው ኋላ ይለፍ፣ ቄጠማው ጋ መድረስ ካለበትም በእንጨት ድልድይ ከፍ ብሎ በላዩ ይለፍ፣ ትልልቅ ዛፎቹ ቁጥር ይሰጣቸውና ያለ ፈቃድ አይነኩ፣ የዓሣው አንጀት ደሞ ከአሞሮቹ የተረፈው ወደ ውሃው ከሚመለስ ማዳበሪያ ይሁን። ይሄን የምለው እንደ ባለሙያ አይደለም፣ ሐይቁ ዳር እንዳደገ ሰው ነው።

ስንመለስ ያየነውን ልጨምርና ላብቃ። ከሻሸመኔ አልፈን ወደ ዝዋይ ስንመጣ አብያታ ጋ ቆምን። እኔ ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር በአውቶቡስ ስናልፍ አብያታ ከመንገዱ ቅርብ ነበር፣ ጫፉ ሮዝ ነበር በፍላሚንጎ። አሁን ውሃው ሸሽቶ ሸሽቶ በመኪና ነጭ ደረቅ መሬት ላይ ረጅም መንገድ ትሄዳላችሁ፣ ጎማው ሥር ጨው ይንኮሻኮሻል። ከላይ በኩል ከዝዋይ የሚመጣው ቡልቡላ ወንዝ ለመስኖ ተቀነሰ፣ ለሶዳ አሽ ፋብሪካም ውሃው ተቀዳ፣ ሲያንስ ጨዋማነቱ ጨመረ፣ ዓሣው አለቀ። ጎረቤቱ ሻላ ውስጥ ባለች ደሴት ላይ የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ድሮ ምግባቸውን ከአብያታ ነበር የሚያመጡት፣ ዓሣው ሲያልቅ እነሱም ራቁ። እና ይሄ የሆነው ብሔራዊ ፓርክ በተባለ ቦታ ላይ ነው። ልጄ ጨዉን በጣቷ ነክታ ቀመሰችና "ሐዋሳም እንዲህ ይሆናል?" አለችኝ። ሐዋሳ ሌላ ነው፣ ውሃው ጣፋጭ ነው፣ አደጋውም መድረቅ ሳይሆን መሞላትና መቆሸሽ ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ፣ ግን ዓለማያም ትዝ አለኝ፣ ሐረርን ያጠጣ የነበረው ሐይቅ፣ በ1990ዎቹ ደርቆ ከብት የተሰማራበት፣ በቅርብ ዓመታት ትንሽ ተመልሷል ይባላል። መልሴን ሳልጨርስ መኪና ውስጥ ገባን።

በቃ ግምገማዬ ይሄ ነው። ዓሣው ከ10 10፣ ሾርባው ከተቻለ 11 እሰጠው ነበር። አጥማጆቹና በላቾቹ ሴቶች ከ10 10፣ እጃቸው ፈጣን ነው ለሰው ክብር አላቸው፣ ፎቶ ስታነሱ ግን አስፈቅዱ፣ ሥራ ላይ ናቸው። ወፎቹና ጉሬዛዎቹ ሌላ ቦታ በዚህ ቅርበት አይገኙም፣ 10። ዳርቻው አሞራ ገደል ዛፎቹ ያሉበት 8፣ ከዛ ወጣ ብሎ ግንብ የበዛበት 3፣ እሱም ለመብራቱ። ላስቲክ መጣሉ የኛ የጎብኚዎች ጥፋት ነው፣ ልጄና እኔ አንድ ፌስታል ሞልተን ነው የወጣነው፣ ከ10 ደቂቃ በላይ አልፈጀብንም። ሲዳምኛ የሚችል ሰው አብሯችሁ ካለ ደሞ ብዙ ነገር ትሰማላችሁ፣ ስለ ሐይቁ የሚነገረው ሁሉ ወደ አማርኛ አይመጣም። ማታ ላይ ከተማ ውስጥ ቡርሳሜ፣ ማለትም በቅቤ የሚሠራውን የእንሰት ምግብ፣ በሻፌታ (በሸክላ ሳህን) የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፣ ጠዋት ዓሣ ማታ ቡርሳሜ ከሆነ ሐዋሳ ሄዳችኋል ማለት ነው።

ክረምት ላይ፣ ሐምሌ መጨረሻ፣ ተመልሰን እንሄዳለን፣ ጋሼ ለልጄ መረብ መጠገን ሊያስተምሯት ቃል ገብተውላታል። እስከዛ ሐዋሳ ያላችሁ ልጆች አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ ስለ ሐይቁ ዳር ልማት ነዋሪ የሚሰበሰብበት ቀን ሲቆረጥ፣ ቀበሌ ላይም ይለጠፍ ክፍለ ከተማ ላይ፣ እባካችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ከአዲስ አበባ ተነስቼ እመጣለሁ፣ ጋሼንም ይዤ እገባለሁ።